ደጎሎ ላይ ቆሞ ቂብላን በስልክ ማስላት

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ደጎሎ አጠገብ ባለ አንድ የገጠር መስጂድ የገጠመኝ ነገር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣ ወጣት ከዙሁር በኋላ ስልኩን ይዞ ሚሕራቡ ፊት ቆመና «ሸኽዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቂብላው ተሳስቷል፤ ሃያ ዲግሪ ያህል ዞሯል» አለ። ሸኹ ዝም አሉ። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ደግሞ የራሱን ስልክ አወጣ፤ የሱ ስልክ ፍጹም ሌላ አቅጣጫ አሳየ። ነገሩ እዚያ ላይ ሳቅ ሆኖ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም። በሳምንቱ ከኋላ ያሉ ወጣቶች ከሶፉ ትንሽ ዘወር ብለው መቆም ጀመሩ። አንድ መስጂድ፣ አንድ ኢማም፣ ሁለት አቅጣጫ። አዛውንቶቹ ደግሞ «እስከዛሬ የሰገድነው ሊጣል ነው ወይ?» ብለው መጨነቃቸው አልቀረም።

እኔ ለዓመታት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው በመሆኔ ጥያቄው ወደኔ መጣ። የተሰላውም የተለካውም ከስልኩ መተግበሪያ ውጭ ነው። ወጣቱንም አጠገቤ አስቀምጬ አብረን ሠራነው። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል የተማርናት ያች ሳይን፣ ኮሳይንና ታንጀንት የምትባል ነገር «ለፈተና ብቻ ነች» ተብላ የምትረሳ ብትሆንም፣ ሥራዋ እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ አንድ ቀላል ነገር ልብ እንበል። የካዕባ ኬክሮስ ወደ ሰሜን 21.4225 ዲግሪ፣ ኬንትሮሷ ወደ ምሥራቅ 39.8262 ዲግሪ ነው። የጃማ ወረዳዋ ደጎሎ ያለችው በግምት ሰሜን 10.4፣ ምሥራቅ 39.2 ላይ ነው። ሁለቱን ኬንትሮሶች አስተያዩአቸው። ልዩነታቸው 0.6262 ዲግሪ ብቻ ነው። ፀሐይ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ በ4 ደቂቃ አንድ ዲግሪ ስለምትሄድ፣ መካ ላይ ፀሐይ መሀል ሰማይ ከደረሰች ከ2 ደቂቃ ተኩል በኋላ ደጎሎ ላይም ትደርሳለች። በሌላ አባባል መካና ደጎሎ በአንድ መስመር ላይ ለመሆን ጥቂት ነው የቀራቸው። ቂብላችን ሰሜን፣ ከሰሜንም ትንሽ ወደ ቀኝ ነው ማለት ነው። ይህን ያለ ምንም ካልኩሌተር አስቀድሞ ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ስልካችሁ «40 ዲግሪ» ቢላችሁ የተበላሸው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

አሁን «ትንሽ ወደ ቀኝ» ስንት እንደሆነ እንፈልግ። መሬት ክብ ስለሆነች የምንጠቀመው ቀመር ለክብ ገጽ የተሠራው ነው፦

ታንጀንት (ቂብላ) = ሳይን (የኬንትሮስ ልዩነት) ÷ [ ኮሳይን (የናንተ ኬክሮስ) × ታንጀንት (የመካ ኬክሮስ) − ሳይን (የናንተ ኬክሮስ) × ኮሳይን (የኬንትሮስ ልዩነት) ]

የኬንትሮስ ልዩነት ሁልጊዜ ከመካው ላይ የናንተን በመቀነስ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮሳችሁን ለማግኘት የጉግል ካርታ ላይ መስጂዱ ያለበትን ቦታ ጣታችሁን አስደግፋችሁ ያዙት፤ ሁለት ቁጥር ይወጣል፤ መጀመሪያ የሚመጣው ኬክሮስ ነው። ለደጎሎ ሲሠራ እንዲህ ይሆናል። ሳይን 0.6262 = 0.01093። ኮሳይን 10.4 ሲባዛ በታንጀንት 21.4225፣ 0.9836 × 0.3923 = 0.3859። ሳይን 10.4 ሲባዛ በኮሳይን 0.6262፣ 0.1805። ከ0.3859 ላይ 0.1805 ሲቀነስ 0.2054 ይቀራል። 0.01093 ለ0.2054 ሲካፈል 0.0532። የታንጀንት ተገላቢጦሹን ስንጫን 3.05 ዲግሪ። ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ሦስት ዲግሪ፣ ይኸው ነው።

እውነቱን ለመናገር የመጨረሻውን ቁልፍ መጫንም አያስፈልግም ነበር። 0.0532 ራሱ በሜዳ ላይ የሚሠራ ቁጥር ነው፦ ወደ ትክክለኛው ሰሜን 10 ሜትር ገመድ ዘርጋ፣ ከጫፉ ላይ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ 53 ሳንቲ ሜትር ለካ፣ እዚያ ችካል ምታ። ከገመዱ መነሻ ወደ ችካሉ ያለው መስመር ቂብላ ነው። መካነ ሰላም ላይ (10 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ሰሜን፣ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ምሥራቅ) ተመሳሳዩ ስሌት 0.0944 ይሰጣል፤ በ10 ሜትር 94 ሳንቲ ሜትር፣ በዲግሪ 5.4። ደሴ አንድ ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ 4.7።

ወጣቱ ይህን በራሱ ስልክ ሊሠራው ሞከረና የመጀመሪያው መልስ 0.52 ወጣለት። «ግማሽ ዲግሪ ነው፤ ሰሜን ማለት ነው» አለኝ። መልሱ ያምራል፣ ሊታመንም ይችላል፣ ግን ስህተት ነው። ካልኩሌተሩ በራዲያን ነበር። ራዲያን ማዕዘንን የሚለካ ሌላ መስፈሪያ ነው፤ 180 ዲግሪ 3.1416 ራዲያን ነው። ጉግል ላይ «ሳይን 30» ብላችሁ ብትጽፉ 0.5 ሳይሆን −0.988 የሚመጣው ለዚህ ነው፤ «ዲግሪ» የሚለውን ቃል ካልጨመራችሁ በራዲያን ነው የሚያስበው። ዴስሞስ የሚባለው የግራፍ ካልኩሌተርም ሲከፈት በራዲያን ነው፤ ከማስተካከያው ወደ ዲግሪ መቀየር አለበት። ኤክሴልና የጉግል ሰንጠረዥ ደግሞ ጭራሽ ራዲያን ብቻ ስለሚያውቁ ዲግሪውን አስቀድሞ መለወጥ የናንተ ሥራ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ካልኩሌተር ከመጠቀማችሁ በፊት ሳይን 30ን ጠይቁት። ግማሽ ካላለ አትቀጥሉ። የልጁ ስህተት ደጎሎ ላይ በሁለት ዲግሪ ተኩል ብቻ ያዛነፈው በአጋጣሚ ነው፤ ሌላ ቦታ ቢሆን የት እንደሚወስደው አላህ ይወቅ።

ሁለተኛው ወጥመድ ዲግሪና ደቂቃ ነው። የመካነ ሰላምን 10 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ «10.45» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ደቂቃው ለ60 ይካፈላል፤ 45 ደቂቃ 0.75 ነው፣ ስለዚህ 10.75። ኬክሮሱንም ኬንትሮሱንም እንዲህ አሳስቶ ያስገባ ሰው መካነ ሰላም ላይ 5.4 ሳይሆን 6.7 ዲግሪ ያገኛል። የኔንም የደጎሎ ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት፤ ጃማ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ 11 ኪሎ ሜትር መራቅ ቂብላውን በግማሽ ዲግሪ ያህል ይለውጠዋል። የራሳችሁን መስጂድ ቁጥር ተጠቀሙ።

ዴስሞስን ካነሳሁ ዘንድ፣ በጣም የወደድኩለት ነገር ቁጥሮቹን ተንሸራታች አድርጎ መጎተት መቻሉ ነው። ኬክሮስና ኬንትሮስን ተንሸራታች አድርጋችሁ ቀመሩን ከሥር ጻፉ፤ ከዚያ ኢትዮጵያን በጣታችሁ ዙሩ። ኬንትሮሱን ከመካው ከ39.83 አሳልፋችሁ ወደ ምሥራቅ ስትጎትቱ መልሱ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ከሰሜን ወደ ግራ ማለት ነው። ሐረር ከሰሜን ወደ ምዕራብ 10 ዲግሪ፣ ጅጅጋ 13 ዲግሪ። ወደ ምዕራብ ብትጎትቱ ደግሞ አሶሳ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ታገኛላችሁ። አሶሳን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ ብዙ ሰው ወደዚያ ሰፍሯል፤ ደሴ ወይም ደጎሎ ላይ «ቂብላ ሰሜን ነው» ብሎ ያደገ ሰው ያንኑ ልማድ ይዞ አሶሳ ላይ ቢቆም ከሃያ ዲግሪ በላይ ይዛነፋል።

ከሀገር ወጣ ስንል ቀመሩ ሌላ ጠባይ ያሳያል። ዋሽንግተን ላይ ብዙ ወንድምና እህቶቻችን አሉ፤ ጠፍጣፋ ካርታ ላይ መካ ከነሱ ደቡብ ምሥራቅ ናት የምትመስለው። ስሌቱ ግን 56 ዲግሪ ተኩል ይላል፣ ሰሜን ምሥራቅ። ሉል ላይ ክር ወጥራችሁ ብታዩት ትክክል ነው፤ አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ ነው የሚዞረው። ለንደን ደግሞ ካልኩሌተሩ ራሱ ያሳስታችኋል። መልሱ −61 ይመጣል፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ አትላንቲክ! ምክንያቱ የማካፈያው ቁጥር ኔጌቲቭ ስለሆነ ነው፤ የታንጀንት ተገላቢጦሽ አንድ አቅጣጫንና ፍጹም ተቃራኒውን መለየት አይችልም። ማካፈያው ኔጌቲቭ ሲሆን 180 ደምሩበት፤ −61 ላይ 180 ሲደመር 119፣ እሱ ነው የለንደን ቂብላ። እኛ ሀገር ይህ ችግር አይገጥምም፤ ስደት ላይ ላላችሁ ግን ማስጠንቀቂያ ይሁናችሁ።

እንግዲህ ስሌቱ 3 ዲግሪ ካለ፣ የልጁ ስልክ ሃያ ዲግሪ ያዛነፈው ከየት አምጥቶ ነው? መተግበሪያው ውስጥ ያለው ስሌት ትክክል ነበር፤ 3 ነው የሚለው። የተሳሳተው ሰሜንን የሚያሳየው ኮምፓስ ነው። የስልክ ኮምፓስ ማግኔት የሚያሸት ትንሽ ነገር ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የኮንክሪት ብረት፣ የድምፅ ማጉያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በማግኔት የሚዘጋ የስልክ ሽፋን ያሳብደዋል። የልጁ ሽፋን እንደዚያ ዓይነት ነበር። ሽፋኑን አውልቀን፣ ከመስጂዱ ራቅ ብለን ሜዳ ላይ ስልኩን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ስናዞረው ልዩነቱ ወደ አምስት ዲግሪ ወረደ። ከዚህ የተሻለ ከስልክ ኮምፓስ ባትጠብቁ ይሻላል። በተጨማሪም የማግኔት ሰሜንና እውነተኛው ሰሜን አንድ አይደሉም፤ በኛ አካባቢ መርፌው ከእውነተኛው ሰሜን ጥቂት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል፣ ይህም ከዓመት ዓመት ይቀያየራል። ጉግል በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቂብላ ማሳያም ሆነ ሌሎቹ የሚደገፉት በዚሁ ኮምፓስ ላይ ነው።

ሰሜንን ያለ ኮምፓስ ለማግኘት የጥንት የፈለክ ሊቃውንት «የህንድ ክበብ» ይሉት የነበረው ዘዴ አለ፤ ልጆቹን ይበልጥ ያስደሰታቸውም እሱ ነው። ደልዳላ መሬት ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ትተክላላችሁ፤ ቱንቢ ብትጠቀሙ ጥሩ ነው። በእንጨቱ ዙሪያ በገመድ ክብ ትሠራላችሁ። ጠዋት የጥላው ጫፍ ወደ ክቡ ሲገባ የነካበትን ነጥብ፣ ከሰዓት በኋላ ሲወጣ የነካበትን ነጥብ ምልክት ታደርጋላችሁ። ሁለቱን የሚያገናኘው መስመር ምሥራቅና ምዕራብ ነው፤ ለሱ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሰሜንና ደቡብ። ኢንተርኔት በተቋረጠበትም ቀን ይሠራል።

ከዚህም የሚቀል መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ግንቦት 20 (አንዳንድ ዓመት 19) ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ደቂቃ ላይ፣ እንዲሁም ሐምሌ 8 ወይም 9 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ27 ላይ ፀሐይ ልክ ከካዕባ አናት በላይ ትሆናለች። የሳዑዲ ሰዓትና የኛ ሰዓት አንድ ስለሆነ መቀየር አያስፈልግም። በዚያች ደቂቃ ወደ ፀሐይ የዞረ ሁሉ ወደ ካዕባ ዞሯል፤ ጥላው ከጫፉ ወደ እንጨቱ ሥር የሚያመለክተው ቂብላን ነው። ሐምሌው በወሎ ደጋ ዳመና ስለሆነ የግንቦቱ ይሻላል።

ነገር ግን በየድረ ገጹ የሚዞረው ምክር ላይ አንድ እርማት አለኝ። «አምስት ደቂቃ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ችግር የለውም» ይባላል። ለኢስታንቡል ወይም ለለንደን ይሆናል፤ ለኛ ግን አይሆንም። እኛ ለመካ ቅርብ ስለሆንን በዚያ ሰዓት ፀሐይ ከኛም አናት 11 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። የ1 ሜትር እንጨት ጥላ 19.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው (ታንጀንት 11.04 ጠይቁት)። ፀሐይ አናት አጠገብ ስታልፍ አቅጣጫዋ በፍጥነት ይዞራል፤ ደጎሎ ላይ በአንድ ደቂቃ 1.2 ዲግሪ ገደማ። አምስት ደቂቃ ማለት ስድስት ዲግሪ ነው፣ ካገኘነው ከ3 ዲግሪው እጥፍ! ስለዚህ ሰዓታችሁን ከስልኩ ኔትወርክ ጋር አስተካክሉ፣ ረዘም ያለ እንጨት ያዙ፣ በዚያችው ደቂቃ ምልክት አድርጉ። ቀኑ በአንድና ሁለት ቀን ቢዛነፍ ግን ብዙም አይጎዳም።

ጥላን ካነሳን የዐስርም ጉዳይ አለ፤ በዚያው መስጂድ ሁለቱ ስልኮች በዐስር አዛንም ከአንድ ሰዓት በላይ ይለያዩ ነበርና። ይህ የስሌት ስህተት አይደለም። በሻፊዒያ፣ በማሊኪያና በሐንበሊያ ዐስር የሚገባው የነገሩ ጥላ ከቀትር ጥላው በተጨማሪ የራሱን ቁመት ሲያህል ነው፤ በሐነፊያ በታወቀው አቋም ሁለት እጥፍ ሲሆን። ወሎ ውስጥ ሁለቱም መዝሀብ አለ፤ መተግበሪያውም ምርጫ አለው፣ ብዙ ሰው ግን አያየውም። መጋቢት 11ን እንውሰድ፤ ፀሐይ ከምድር ወገብ በላይ የምትሆንበት ቀን ነው። ደጎሎ ላይ የ1 ሜትር እንጨት የቀትር ጥላ ታንጀንት 10.4 ማለትም 18 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቀትሩም 6 ሰዓት ከ31 ላይ ነው። የሻፊዒያው ዐስር ጥላው 118 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ 9 ሰዓት ከ47 ላይ ይገባል። የሐነፊያው 218 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ 10 ሰዓት ከ50 ገደማ። እንጨትና ሜትር ያለው ሰው ሁለቱንም በዓይኑ ማየት ይችላል።

ታንጀንትና ኮታንጀንት በዐረብኛ የፈለክ መጻሕፍት «ዚል» ይባሉ የነበረው፣ ጥላ ማለት ነው፣ ከዚሁ የተነሳ ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን እ.ኤ.አ. የጥላን ሰንጠረዥ ካዘጋጁት ቀደምት አንዱ ሐበሽ አል-ሐሲብ ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ «የኛ ሰው ነው!» እንዳትሉ፤ የመርው ሰው ነው፣ ባግዳድ የሠራ። አል-ቢሩኒ ጋዝና ሳለ የከተሞችን ኬክሮስና ኬንትሮስ ስለማግኘት በ416 ሂጅራ በጨረሰው መጽሐፍ ውስጥ የጋዝናን ቂብላ አስልቷል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ደማስቆ ላይ የሶላት ሰዓት ጠባቂ የነበረው አል-ኸሊሊ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ኬክሮስና ኬንትሮስ የቂብላን ማዕዘን በሰንጠረዥ አስቀምጧል፤ ዛሬ እኛ ተንሸራታች እየጎተትን በሰከንድ የምናየውን እሱ በእጁ ነበር የሠራው።

ወደ መስጂዱ ልመለስ። የህንድ ክበቡን ሠርተን፣ ሰሜንን አግኝተን፣ ከሚሕራቡ ግድግዳ ጋር ትይዩ የሆነ የ10 ሜትር ገመድ ስንዘረጋ ሚሕራቡ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 1 ሜትር ከ20 ይዛነፋል። 1.2 ለ10፣ 0.12፤ ተገላቢጦሹ 6.8 ዲግሪ። ከሚፈለገው በአራት ዲግሪ ያህል ይበልጣል ማለት ነው፤ ልጁ ካለው ሃያ በጣም ያነሰ፣ ዜሮም ያልሆነ። አዛውንቶቹ በኮከብና በፀሐይ ያቆሙትን ግድግዳ ማለቴ ነው፤ እኔ በበኩሌ አደነቅኋቸው። ከዚህ 1,220 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አንድ ዲግሪ በራሷ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ታዛንፋለች፤ ማንም ሰው በትከሻው አቋቋም ይህን ያህል ሊያነጣጥር አይችልም።

ሸኹ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ነገሩን በአጭሩ አስረዱ፦ ከካዕባ ለራቀ ሰው በአብዛኞቹ ዑለማኦች ዘንድ የሚፈለገው አቅጣጫው ነው፤ በሻፊዒያ ደግሞ ካዕባን ራሷን ማሰብ የሚል ጠንካራ አቋም አለ፤ ያለፈው ሶላት ግን አይደገምም፣ ማንም ስለሱ እንዳያወራ። ግድግዳው አይነካም አሉ። ምንጣፉ ላይ ያለው የሶፍ መስመር ግን በገመዱ ልክ ትንሽ ይስተካከል ዘንድ ፈቀዱ፤ ሁለቱ ወጣቶች አስተካከሉት፣ ከዚያ ወዲህ ሶፉ አንድ ነው።

ልጁ ሜዳው ላይ የተከለውን እንጨት እስካሁን አልነቀለውም። በግንቦት 20 ከቀኑ 6 ሰዓት ከ18 ላይ እንደገና ሊለካ ነው፤ ዳመና ካልሆነ።